አቅኚና ሰፋሪ
የገጠር ቤተሰብን ታሪክ ስለ መፈለግና ስለ መጻፍ

(ለንባብና ጽሕፈት ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ ታሪክ ነው። ነገር ግን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ እናንተ ቤት ታሪክ ነው። መሬቱን መጀመሪያ ስላቀኑት ሰዎች፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነው።

በርስት አገር አንድ ጥያቄ ነበረ። ገበሬ ከገበሬ መሬት ሲካሰስ፣ ዳኛው ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሽማግሌው ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ፣ ከሳሹ ይጠየቅ ነበር። «አቅኚ አባትህ ማነው?» ይባላል። ይኸን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ሰው መሬት አያገኝም። የመለሰ ደግሞ ከራሱ ጀምሮ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ቆጥሮ መጀመሪያ ያንን አገር ካቀናው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ዛሬ ይኸን ጥያቄ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ጥያቄው ሲቀር መልሱም እየጠፋ ነው። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ ይኸ መልስ ምን እንደ ነበረ፣ ለምን እንደሚጠፋ፣ እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ደግሞ ምን ልታደርጉ እንደምትችሉ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «አቅኚ» የሚለው ቃል «አቀና» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የጎበጠ እንጨት እሳት እያሳዩ ያቃኑታል። መሬትም እንደዚሁ ይቀናል። ዱሩ ይመነጠራል፣ ድንጋዩ ይለቀማል፣ ውኃው ይጠለፋል፣ የመጀመሪያዪቱ ጎጆ ትቀለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያ ሥፍራ «አገር» ይባላል። ይኸን የሠራው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። በጎጃም በኩል ይኸንኑ ሰው «ዋና አባት» ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ የትውልድ ሐረጉን የሚያስርበት ችካል እሱ ነው።

እስቲ አንድ አገር ወስደን በምሳሌ እንየው። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚባል አገር አለ። ደጋ ነው፣ ውርጭ ያለበት፣ ገብስ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ ከበግ ጠጉር ባናና በርኖስ የሚሠራበት አገር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አካባቢ ብዙ ጦርነት ሆነ። የኢማም አሕመድ ዘመቻ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ሲያበቃ፣ ከዚያም የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ሲከተል፣ የሰው አሠፋፈር ተለዋወጠ። በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መንዝን እንደገና ያቀኑት ሦስት ሰዎች ናቸው ይላል የአገሩ ትውፊት። ስማቸው ማማ፣ ላሎና ጌራ ይባላል። አገሩን ለሦስት ተካፈሉት፤ እያንዳንዱም ድርሻ በስማቸው ተጠራ። ልብ በሉ፣ ዛሬም ያሉት ወረዳዎች መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድርና መንዝ ጌራ ምድር ይባላሉ። መጽሐፍ ሳይጻፍላቸው፣ ሐውልት ሳይቆምላቸው፣ ሦስት ገበሬዎች ስማቸው በመሬቱ ላይ ተጽፎ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያው ከመንዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነጋሢ ክርስቶስ የሚባል መሪ ተነሣ። የሸዋ ነገሥታት ሁሉ ትውልዳቸውን የሚቆጥሩት ከእሱ ነው። ነጋሢ ስብስትያኖስን ወለደ፣ ስብስትያኖስ አብዬን፣ አብዬ አምኃ ኢየሱስን፣ አምኃ ኢየሱስ አስፋ ወሰንን፣ አስፋ ወሰን ወሰን ሰገድን፣ ወሰን ሰገድ ሣህለ ሥላሴን፣ ሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮትን፣ ኃይለ መለኮት ደግሞ በ1836 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክን ወለደ። ዘጠኝ ስም ነው። ይኸን የምናውቀው ጸሐፊ ስለ ነበራቸው ነው። በዚያው ዘመን ግን ከነጋሢ ጎረቤት ያረስ የነበረው ገበሬም ልክ እንደዚሁ ዘጠኝ ስም መቁጠር የሚችል ልጅ ነበረው። ልዩነቱ የገበሬው ቆጠራ በአፍ ላይ እንጂ በብራና ላይ አለመሆኑ ነው።

ታዲያ ገበሬው ያን ሁሉ ስም ለምን በቃሉ ያዘ? ለጌጥ አይደለም። ርስት የሚባለው ሥርዓት ስላስገደደው ነው።

ርስት እንዲህ ነበር። አንድ አቅኚ አባት የያዘው መሬት የልጆቹ ሁሉ ነው። የወንዱም የሴቲቱም ነው። ሰው በአባቱ በኩል ብቻ ሳይሆን በእናቱም በኩል ርስት ይጠይቃል። ስለዚህ በርስት ቆጠራ ውስጥ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እየተባለ የሴቶች ስም ይገባል። ይኸ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዛሬ ስማችንን ስንጽፍ የአባትና የአያት ስም እንጂ የእናት ስም አንጽፍም። የድሮው ገበሬ ግን ርስቷን ስለሚፈልግ የቅድመ አያቱን ስም አይረሳም ነበር።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እርሳሳችሁን አንሡ። አንድ ሰው ሁለት ወላጅ አለው፤ አባትና እናት። አራት አያቶች አሉት። ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። ከዚያ በላይ 16፣ ከዚያ 32፣ ከዚያ 64፣ በሰባተኛው ቤት 128 ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ገበሬ፣ ዘመዶቹ ካልተደራረቡ በስተቀር፣ ሰባት ቤት ወደ ላይ ቢቆጥር 128 ሰዎች ያገኛል፤ በእነዚህ ሰዎች በኩል በብዙ ሥፍራ ርስት ልጠይቅ ሊል ይችላል።

ደግሞ ወደ ታች እንቁጠር። አንድ አቅኚ አራት ልጆች ወልዶ፣ እያንዳንዳቸውም አራት አራት ቢወልዱ፣ የልጅ ልጆቹ 16 ናቸው። በሦስተኛው ትውልድ 64፣ በአራተኛው 256፣ በአምስተኛው 1,024 ይሆናሉ። መሬቱ ግን ያው ነው፤ አይወልድም። በእርግጥ ሁሉም አያድግም፣ ሁሉም እዚያው አይቀርም፤ ቢሆንም ነገሩ እንደዚህ ነው። ሰው ሲበዛ መሬት ሲጠብ ክርክር ይመጣል። ለዚህም ነው በርስት አገር ሙግት የማይጠፋው። ገበሬው ስንቁን ቋጥሮ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ዓመት ሙሉ ችሎት ለችሎት ሲንከራተት ይኖር ነበር። «ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤቱ» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው።

ርስት ከእርሻ መሬት ሌላም ነገር ነበረው። በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ራቅ ብሎ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ ሣራማ ሥፍራ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው። ጓሳ የሚለውን ስም ያገኘው እዚያ ከሚበቅለው ረጅም ሣር ነው። ያ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል። በድርቅ ጊዜ የከብት ነፍስ ያተርፋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ይኸን ሥፍራ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች «ይኸ አይታረስም፣ ለሣር ይሁን» ብለው ለዩት። ከዚያ ወዲህ የአስቦ ልጆችና የጌራ ልጆች ነን የሚሉ ሰዎች ብቻ በደንብ ይጠቀሙበት ነበር። ደንቡ ቄሮ ይባላል። ተጠቃሚዎቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ እንዲያገግም ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ጊዜው ሳይደርስ ሲያጭድ የተገኘ ከባድ ቅጣት አለበት።

እንግዲህ አስቡት። ማጭድ ይዞ መውጣት የሚችለው ማነው? ትውልዱን ቆጥሮ አስቦ ወይም ጌራ ዘንድ የሚደርስ ሰው ነው። ስለዚህ አባት ልጁን እረኛ ሳለ ጀምሮ ያስቆጥረዋል። ልጁ ፊደል ባይቆጥርም ትውልድ ይቆጥራል። ያ ቆጠራ ክዳን ነው፣ እንጀራ ነው፣ መታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንናገር። ይኸ ቆጠራ ጉድለት ነበረበት። የቤተሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጉድለቱን ካላወቀ ይሳሳታልና ሦስቱን ልናገር።

አንደኛ፣ ቆጠራው ለሙግት የሚውል ስለ ነበር ይጣመም ነበር። መሬት ያላስገኘ አያት ይረሳል፤ መሬት ያለው አያት ይታወሳል። አንዳንዱ ተሟጋች አንድ ትውልድ ይዘላል፣ አንዳንዱም የሌላውን አያት የራሱ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ የቆጠረውን ብቻ ይዞ «ይኸ ነው» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቆጠራው ያላካተታቸው ሰዎች ነበሩ። ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ማሰሮውን የሠራችው፣ ጋቢውን የሸመነው ባለእጅ በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም። ከሩቅ ተሸጦ መጥቶ በጌታ ቤት ያገለገለውም ሰው ልጆች እንደዚሁ ናቸው። እነዚህም አገር አቅንተዋል። ዱሩ ሲመነጠር መጥረቢያውን የሠራው ማን ሆነና? ነገር ግን ርስት ስላልነበራቸው አባታቸውን የሚጠይቅ ዳኛ አልነበረም፤ ስለዚህ ስማቸው ከማንም በፊት ጠፋ።

ሦስተኛ፣ «አቀና» ሲባል ሥፍራው ባዶ ነበር ማለት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ባዶ አልነበረም። ከአቅኚው በፊት የኖረ፣ የሄደ ወይም የተቀላቀለ ሌላ ሰው አለ። አንዳንድ ጊዜ የወንዙና የጋራው ስም በሌላ ቋንቋ ሆኖ እናገኘዋለን። ያ ስም የቀደመውን ሰው ይመሰክራል። ታሪክ የሚጽፍ ሰው «እኛ መጣን» ብሎ ሲጽፍ «እዚህ ማን ቆየን?» የሚለውንም መጠየቅ አለበት።

አሁን ቆጠራው እንዴት እንደ ተቋረጠ እንመልከት። ገበሬው ለርስቱ እንዴት እንደሚሠጋ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ታይቷል። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ብዙው ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ርስት ራሱ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገ። በደቡብ በኩል ያለው ጭሰኛ ከባለ መሬቱ እጅ ወጣ። በሰሜን ባለው በርስት አገር ደግሞ ገበሬው በእጁ ባለው መሬት ይጠቀም፣ በትውልድ ቆጥሮ ሌላ መሬት መጠየቅ ግን ቀርቷል ተባለ። የጓሳውም የቄሮ ደንብ በዚያው ፈረሰ። ቀድሞ መብት ያልነበረው ሁሉ ገባ። ያ ለእሱ ፍትሕ ነበር፤ ዳሩ ግን የሚዘጋና የሚከፍት አለቃ ስለ ጠፋ ሣሩ ተጎዳ። ቆይቶ የአካባቢው ሰው መክሮ አዲስ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ጓሳ ዛሬ በሕዝቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው።

ስለዚህ አዋጁ ሁለት ነገር አደረገ። ማለቂያ የሌለውን ሙግት አስቀረ፤ አባት የማይቆጠርለትንም ሰው ባለ መሬት አደረገ። ይኸ መልካም ነው። ነገር ግን ሳይታሰብ ሌላም ነገር ሆነ። ትውልድ መቁጠር ጥቅሙ ስለ ቀረ አባት ልጁን ማስቆጠር ተወ። በ1967 ዓ.ም. የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ፣ ችሎት ፊት ቆሞ ትውልዱን የቆጠረ ሰው፣ በሕይወት ካለ ዛሬ ከ80 ዓመት አልፎታል። ከእሱ በኋላ የሚቆጥር የለም። ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ልማድ አለ፤ እሱም ቢሆን ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ይሳሳል። ዛሬ መሬት የሚመሰክረው የይዞታ ደብተር ነው። በአማራ ክልል በዚያ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል። መልካም ነው። ግን ደብተሩ መሬቱን ማን እንደ ያዘው እንጂ ማን እንዳቀናው አይናገርም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጥንቱ አቅኚ ነው። ነገር ግን በእኛ ዘመንም አቅኚዎች አሉ። ብቻ እነሱን አቅኚ አላልናቸውም። «ሰፋሪ» አልናቸው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ሲመታ፣ በዚያው ዓመትና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ። ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓዙ። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገድዶ የሄደም አለ። በመንገድ ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ የተለያየበት አለ። የደጋ ሰው ነው፤ ቆላ ሲወርድ ወባ ጠበቀው። ብዙ ሰው ሞተ። በሬው በገንዲ በሽታ አለቀ።

ከእነዚህ ሥፍራዎች አንዱ በመተከል፣ በበለስ ወንዝ ሸለቆ የሚገኘው ፓዌ ነው። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ሰፍሮበታል። ከወሎም፣ ከሰሜን ሸዋም፣ ከከምባታና ከሐዲያም፣ ከሌላም የመጣ ነው። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬም ሰው «አገርህ የት ነው?» ሲባል «መንደር ሰባት» ብሎ ይመልሳል። የጥንቱ አቅኚ ስሙን ለመሬቱ ሰጠ፤ የዘመናችን ሰፋሪ ግን ከመሬቱ ቁጥር ተቀበለ። ይኸን ልዩነት ልብ በሉልኝ።

ያ መሬት ደግሞ ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነበር። ጉሙዝ አንዱን ማሳ አርሶ፣ አሳርፎ፣ ወደ ሌላው እየተዛወረ የሚያርስ፣ ጫካውንም ለማርና ለአደን የሚጠቀም ሕዝብ ነው። ለእይታ ባዶ የመሰለው ሥፍራ የሚያርፍ ማሳው ነበር። ሰፋሪው ሳይጠየቅ መጣ፤ ባለ አገሩም ሳይጠየቅ ተወሰደበት። ሁለቱም አልመከሩበትም። ከዚያ የመጣው ቅሬታ ቶሎ አልሻረም። ይኸው በ2013 ዓ.ም. ሳይቀር በመተከል ብዙ ንጹሕ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ወደ መጡበት ተመለሱ። የተዉት ማሳ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ የቆያቸው ነበሩ። ብዙዎች ደግሞ እዚያው ቀሩ፤ ወልደው አሳደጉ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ። ዛሬ በፓዌ ሦስተኛው ትውልድ አለ። ይኸ ልጅ የአያቱን አገር አያውቀውም። የተወለደበት አገር ደግሞ አንዳንዴ «መጤ» ይለዋል። ከወሎ የመጣ አባትና ከከምባታ የመጣች እናት የወለዱት ልጅ አቅኚ አባቱ ማነው? ይኸን የሚመልስለት ዳኛ የለም፤ መልሱ ያለው ገና በሕይወት ባሉት አያቶቹ አፍ ላይ ብቻ ነው።

አድማጮቼ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እናንተ ደግሞ አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከራሳችሁ ጀምሩ። የደብተሩን መካከል ላይ ስማችሁን ጻፉ። በላዩ በቀኝ አባታችሁን፣ በግራ እናታችሁን ጻፉ። ከዚያ የአባትን አባትና እናት፣ የእናትን አባትና እናት እያላችሁ ውጡ። የሴቶቹን ስም አትዝለሉ። አያቴ ስሟ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም ስምም የክርስትና ስምም ካላት ሁለቱንም ጻፉ፤ በቤተ ክርስቲያን የምትታወቀው በአንዱ፣ በመንደር በሌላው ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ዘመኑን በሚታወቅ ነገር እሠሩ። ሽማግሌ «መቼ ተወለዱ?» ሲባል ዓመት አይነግራችሁም። «ያኔ ምን ሆኖ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ክፉ ቀን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ነው። ዐድዋ 1888 ነው። የኅዳር በሽታ 1911 ነው። ማይጨው 1928 ነው። ጠላት የወጣው 1933 ነው። መሬት የታወጀው 1967 ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት «ጠላት በወጣ በዓመቱ ተወለድኩ» ካለች፣ 1934 ብላችሁ ጻፉ። ምንም የሚታወስ ነገር ከሌለ ለአንድ ትውልድ 25 ዓመት ገደማ ያዙ። ሰባት ትውልድ 175 ዓመት ያህል ነው ማለት ነው። ይኸ ግምት ነውና «ግምት» ብላችሁ ጻፉበት።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። ከላይ እንዳልኩት ቆጠራ ይጣመማል። አንዱን ወንድም ከጠየቃችሁ እኅቱንም ለብቻዋ ጠይቁ። ሁለቱ ከተስማሙ «ነው» ብላችሁ ጻፉ። ካልተስማሙ ሁለቱንም «ይባላል» ብላችሁ ጻፉ። የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም በደብተሩ ጥግ አስፍሩ። ታሪክ ጸሐፊ ማለት ይኸ ነው፤ የሰማውን ከየት እንደ ሰማው የሚናገር።

አራተኛ፣ መሬቱንም ጠይቁት። የጥንቱ ጎጆ የት ነበር? መቃብሩ የት ነው? ማሳው ስሙ ማን ይባላል? ስሙንስ ማን አወጣለት? በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በወንጌል ኅዳግ ላይ ስለ መሬት የተጻፈ ነገር አንዳንዴ ይገኛል፤ ቄሱን በትሕትና ጠይቁ። የሰንበቴና የማኅበር ሰዎች ስምም ይረዳል። ሙስሊም የሆናችሁ የመስጊዱን ሼህና የመቃብሩን ሥፍራ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ በሠፈራ ያላችሁ ሰዎች ሦስት ነገር ጨምሩ። ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣችሁ፣ ከማን ጋር እንደ መጣችሁና ማን እንደ ቀረ ጻፉ። በመንገድ የተለየ ዘመድ ስም ካልተጻፈ የሚፈልገው አይኖርም፤ የተጻፈ ስም ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ወንድም ከወንድሙ ያገናኛል። ደግሞም የመጀመሪያው ዓመት ውኃ ያሳያችሁን፣ እህል ያበደራችሁን፣ መንገድ የመራችሁን የአካባቢውን ሰው ስም ጻፉ። ቅሬታ ካለ ቅሬታውንም ጻፉ። አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው እንደ ድሮው ተሟጋች ትውልድ መዝለል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትውልድ መቁጠር ድሮ መሬት መጠየቂያ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ዛሬ አንዳንድ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን ለማራቅ ሊቆጥር ይፈልጋል። «እኔ ከአቅኚው ነኝ፣ አንተ ከየት መጣህ?» ለማለት ማለት ነው። ወደ ላይ የቆጠርነውን አስታውሱ። በሰባት ቤት 128 ሰው አላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ ከሌላ አገር ያልመጣ፣ ሌላ ቋንቋ ያልተናገረ፣ ሰፋሪ ያልነበረ አንድም የለም ብሎ የሚምል ማነው? ማማና ላሎና ጌራም አንድ ቀን ከሌላ ቦታ ጓዛቸውን ጭነው የመጡ ሰዎች ነበሩ። የመጡበትን ቀን ያየ ሰው አቅኚ ብሎ አልጠራቸውም ይሆናል። አቅኚ ያደረጋቸው የልጆቻቸው መኖርና የልጆቻቸው ማስታወስ ነው። የፓዌውም ሰፋሪ፣ ከባለ አገሩ ጋር ታርቆ ተዋዶ ከኖረና ልጆቹ ታሪኩን ካወቁት፣ ነገ አቅኚ የማይባልበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ የዛሬው የቤት ሥራ የሚከተለው ነው። እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን አንድ ሰው ምረጡ። ቡና አፍሉላቸው። አራት ስም ብቻ ጠይቋቸው፤ የአባታቸውን፣ የእናታቸውን፣ የአያታቸውንና መጀመሪያ ወደዚያ አገር የመጣውን ሰው ስም። በየስሙ ሥር ከየት እንደ መጣና ምን ይሠራ እንደ ነበረ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሲያልቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተ ካለ ያርሟችኋል። ደብተሩንም አይጥ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።